የእትዬ አስካለ ዘጠኝ ወረቀቶች

የእትዬ አስካለን መሞት የነገረኝ፣ እኛ ሞቷል ብለን ተስፋ የቆረጥንበት ልጇ ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ኬንያ በኩል ባለው ሞያሌ፣ የምሠራበት ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪዬ መስኮት ተንኳኳ። ቀና ስል ጉንጩ የገባ፣ ከሲታ ሰው ቆሟል። ግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ ሳይ ስሙን ሳይነግረኝ አወቅሁት። ያንን ጠባሳ እናቱ ለስንቱ ሾፌር ስትገልጽ ሰምቻለሁ።

«ደረጀ እባላለሁ። የአስካለ ልጅ ነኝ» አለኝ። «እናቴ ሞታለች። ሰባተኛ ወሯ ነው።»

በየቱ እንደምደነግጥ አላወቅሁም፤ በእሷ መሞት ነው ወይስ በእሱ መኖር? አስገባሁትና ወንበር ሳብኩለት፤ አልተቀመጠም። ከፌስታል ውስጥ የታጠፉ ወረቀቶች አወጣና መስኮቱ ደፍ ላይ አንድ በአንድ ደረደራቸው። ዘጠኝ ናቸው። ዘጠኙም የክሊኒካችን ወረቀቶች፣ ዘጠኙም ላይ የእኔ ፊርማ አለ። ስምንቱ ላይ የተጻፈው የስኳር መጠን ማንም ጤነኛ ሰው የሚመኘው ነው።

ጣቱን በመጨረሻው ወረቀት ላይ አደረገ። «እንግሊዝኛ በመንገድ ተምሬያለሁ። እዚህ ላይ ‹ሕመምተኛዋ ከምርመራው በፊት የስኳር መድኃኒት ወስዳለች፤ ውጤቱ አይታመንም› ይላል። አንድ ሐኪም ጠይቄያለሁ። በባዶ ሆድ ስኳር ሲለካ የስኳር ኪኒን ቀድሞ አይዋጥም አለኝ። ታዲያ እናቴ ለምን ዋጠች? አልነገራችኋትም?»

ግራ ገባኝ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን ለዚህ ሰው እንዴት ተደርጎ ይነገራል? ወረቀቶቹን አየሁ። እናንተም የሰጠሁትን መልስ ከመስማታችሁ በፊት ሴትዮዋን ብታውቋት ይሻላል።

እትዬ አስካለ የደብረ ብርሃን አካባቢ ሰው ናት። ሞያሌ ያመጣት የከባድ መኪና ሾፌር የነበረው ባሏ ሲሆን፣ እሱ ሲሞት እሷ እዚያው ቀርታ ለሾፌሮች ምግብ ቤት ከፈተች። ቁመቷ አጭር ነው፤ ድምፅዋ ግን መኪና ያስቆማል። ሾፌሮቹ «ማዘር» ይሏታል። ደጇ የደረሰን ሰው ስሙን አትጠይቅም። «መጀመሪያ ብላ፤ ማን እንደሆንክ ከዚያ በኋላ እናጣራለን» ትላለች። እኔንም ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተናገደችኝ እንደዚሁ ነው፤ የላቦራቶሪ ሰው መሆኔን ስትሰማ ደግሞ በዚያው ቀን ዶክተር አደረገችኝ። አይደለሁም ብዬ ብዙ ተከራከርኩ። «ተወኝማ! ደም ካየህ ዶክተር ነህ» ብላ ዘጋችኝ።

ደረጀ ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ ሲሄድ ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር። ከመንገድ አንድ ጊዜ በምግብ ቤቱ ስልክ ደውሎ «ደህና ነኝ እማዬ፣ ስደርስ እደውላለሁ» አላት። ከዚያ ወዲያ ዝም አለ። እሷ ግን ዝም አላለችም። ከደቡብ የሚመጣውን ሾፌር ሁሉ፣ ገና እጁን ሳይታጠብ፣ «ደረጀ የሚባል ልጅ፣ ግንባሩ ላይ እዚህ ጋ ጠባሳ ያለው» እያለች ትጠይቃለች፤ የራሷንም ግንባር በጣቷ ትነካለች። ስልኩንም ማንም እንዲያነሳው አትፈቅድም። ሲጮህ ማማሰያ ጥላ ትሮጣለች።

ወደ ክሊኒኩ የመጣችው ሁለት የሕክምና ካርድ ይዛ ነው፤ አንዱ ከኢትዮጵያው ሞያሌ፣ አንዱ ከኬንያው። ሁለቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ፣

«ማዶ መቶ ዘጠና ስምንት ነኝ» አለች። «እዚህ ዐሥራ አንድ ነኝ። እንዲህ ከሆነማ ድንበር መሻገሩ ነው መድኃኒቱ።»

ሁለቱ አገሮች ስኳርን የሚለኩት በተለያየ መለኪያ እንደሆነ፣ የኬንያው በዐሥራ ስምንት ሲባዛ የኢትዮጵያው እንደሚሆን አስረዳኋት። አሰበችበትና፣ «እኛ ምን አጥፍተን ነው የሚያባዙብን?» አለች። ነርሳችን ሐሊማ እስክታለቅስ ሳቀች።

ሐሊማ የሞያሌ ልጅ ናት። ኦሮምኛውም ስዋሂሊውም አፏ ላይ ነው፤ አማርኛዋ ደግሞ የገበያ ነው፣ ግን ያደርሳታል። ለእትዬ አስካለ የምርመራውን ሥርዓት የነገረቻት እሷ ናት።

«ማማ፣ ስሚ። ጠዋት ቁርስ የለም። ሻይ የለም። ዳዋም የለም፤ ኪኒኑን ይዘሽ ትመጫለሽ፣ አትውጪም። ደም ከሰጠሽ በኋላ ትበያለሽ፣ ከዚያ ዳዋ ትውጫለሽ። ሳዋ?»

ይህንኑ በኦሮምኛ ደገመችው፤ በስዋሂሊ ሠለሰችው። እትዬ አስካለ ሦስቱንም ትሰማለች። «ሳዋ ሳዋ፣ ገብቶኛል ልጄ። በሽታው ደሜ ላይ እንጂ ጆሮዬ ላይ አይደለም» አለቻት።

ከዚያ በኋላ በየተወሰነ ወሩ ትመጣለች። ሁልጊዜ የግራ እጇን የቀለበት ጣት ነው የምትሰጠኝ። መርፌውን ስወጋት ዓይኗን እንኳን አታርገበግብም። ከመውጋቴ በፊት ሁሌ የምጠይቃትን እጠይቃታለሁ።

«እትዬ፣ ኪኒን ውጠሻል?»

«ምራቄን እንኳን አልዋጥኩም።»

አምስት ነጥብ አራት። ሌላ ጊዜ አምስት ነጥብ አንድ። ቁጥሩን ስነግራት «አየህ!» ብላ ጭኗን በጥፊ ትመታለች። «በል ጻፍልኝ። ማኅተም አድርግበት፤ ደብዘዝ ያለ ማኅተም አልወድም።» ወረቀቱን ለአራት አጥፋ ብብቷ ውስጥ ትከተዋለች። ምን ያደርግላታል ብዬ አልጠየቅሁም። አንዳንድ ሰው የልጁን የትምህርት ውጤት ያስቀምጥ የለ? እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ግራ መጋባቴ የጀመረው በአምስተኛው ወረቀት አካባቢ ነው። ቁጥሩ ከእኔ ይልቅ ደህና ነው፤ ሴትዮዋ ግን ደህና አይደለችም። ደም ከሰጠች በኋላ አንድ ጆግ ውኃ ጠጥታ ሁለተኛውን ትጠይቃለች። ከስታለች። የሾፌሮቹን ፊት ተጠግታ ካላየች አትለይም። አንድ ቀን ደግሞ በአንድ እግሯ ነጠላ ጫማ አድርጋ፣ በሌላው ባዶ እግሯን ሆና ገባች።

«ጫማሽስ እትዬ?»

ጎንበስ ብላ አየችና ደነገጠች። ጫማዋ መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቷል፤ እግሯ አልነገራትም። ሐሊማ እግሯን አንስታ ስታይ ውስጥ እግሯ ላይ እሾህ ተሰክቷል፣ ዙሪያው ጠቁሯል። «ፖሌ ማማ፣ አይዞሽ፣ አያምሽም?» ስትላት፣ «ምኑ ያመኛል?» አለች። እውነቷን ነበር።

የተበላሸው መለኪያው ነው ብዬ በራሴ ጣት ላይ ሞከርኩት። በሐሊማ ላይ ሞከርኩት። ዘበኛችንን ለምኜ በእሱም ላይ ሞከርኩት። መለኪያው ደህና ነው። አዲስ የደም ማስነኪያ ስትሪፕ ከፈትኩ፤ ያው ነው። ለክሊኒኩ ሐኪም ብነግረው ወረቀቱን አይቶ «ቁጥሩ ደህና ከሆነ ደህና ናት» አለኝ። ቁጥሩ ልክ ሆኖ ሴትዮዋ ተሳስታለች ማለት ነው? እሷን ደግሞ «እስቲ ከምግብ በኋላ ልለካሽ» ብላት ተቆጣች። «በልቶ ማን ደህና ይሆናል?» ብላኝ ሄደች።

ነገሩን መጀመሪያ ያሸተተችው ሐሊማ ናት። መዝገቡን እያገላበጠች፣

«ዳክታሪ፣ ይቺ ማማ የምትመጣው እናንተ ልትጾሙ ስትሉ ነው» አለችኝ።

አየሁት። እውነትም የቅበላ ሰሞን፣ ፍልሰታ ሊገባ ሲል፣ የኅዳሩ ጾም ዋዜማ። እኔ ጾም መግባቱን የማውቀው ከእሷ ምግብ ቤት ሥጋ ሲጠፋ ነውና ልብ አላልኩም ነበር። ሐሊማ መዝገቡን ዘግታ፣ «እኛ ዘንድ የታመመ አይጾምም። እናንተ ጋ ይጾማል?» አለች። አይመስለኝም አልኳት። ከዚያ በላይ አልሄድኩም፤ ሰነፍኩ።

ሁዳዴ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው እትዬ አስካለ ለዘጠነኛ ጊዜ መጣች። ፊቷ ላይ ላቡ ችፍ ብሏል፤ ጠዋቱ ግን ብርድ ነበር። ጣቷን ስትዘረጋልኝ እጇ ይንቀጠቀጣል። «ኪኒን ውጠሻል?» አልኳት። መልሷን ሳትጨርስ ከወንበሩ ተንሸራተተች። ያዝኳት። ዓይኗ እያየኝ «ደረጀ፣ መጣህ?» አለችኝ። ጣቷን ወግቼ ደሙን መለኪያው ላይ አስነካሁት፤ ሁለት ነጥብ አንድ። ይህ ሰው የሚሞትበት ቁጥር ነው። ሐሊማ እየሮጠች ግሉኮስ ሰካችላት። መቀነቷን ስታላላ ከጫፉ ላይ አንድ ቋጠሮ ተፈታ። ውስጡ አራት ጉድጓዱ የተከፈተ የስኳር ኪኒን ማሸጊያ ነበር።

ሲሻላት የመጀመሪያ ቃሏ «ስንት ሆነ?» የሚል ነበር።

«ሁለት ነጥብ አንድ።»

«አየህ!» አለች፤ ጭኗን ለመምታት ግን አቅም አጣች። «እንዲህ ወርዶ አያውቅም። በል ጻፍልኝ።»

ማሸጊያውን አሳየኋት። አፈረች። እትዬ አስካለ ስታፍር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ነጠላዋን እስከ አፏ ስባ ነገረችኝ።

ለካ ስእለት ነበረባት። ደረጀ ድምፁን እስኪያሰማት ድረስ ከጾም አንድም ላትገድፍ፣ ሁሉንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልትጾም ለአምላኳ ተስላለች። ማዶ ያሉት የንስሐ አባቷ ደግሞ ስኳር እንዳለባት ያውቃሉና፣ ሐኪም ደህና ነሽ ብሎ ካልጻፈልሽ እኔ አልፈቅድም አሏት። ስለዚህ በየጾሙ ዋዜማ ወረቀት ያስፈልጋታል። በምትመረመርበት ዕለት ገና ሳይነጋ፣ ውኃ ሳትጠጣ፣ ኪኒኑን ሁለት ሦስት አድርጋ በምራቋ ትውጥና ቁጥሩ እስኪወርድ ትጠብቃለች። ጾሙ ከገባ በኋላ ግን በባዶ ሆድ ኪኒን እንደሚጥላት ስለምታውቅ ጨርሶ አትነካውም። ያን ሰሞን ሰውነቷ እንደከዳት ስለተሰማት አራት አደረገችው።

«እትዬ፣ ይህ ውሸት ነው እኮ!» አልኳት። ድምፄ ሳይታወቀኝ ከፍ አለ።

«ቁጥሩ ውሸት ነው?»

«ቁጥሩማ እውነት ነው።»

«ከእኔ ደም አይደለም የወጣው?»

«ነው።»

«ታዲያ ጻፋ! አንተ ምን ቸገረህ? ልጄ የሚመጣው በዚህ ነው።»

ሐሊማን አየኋት፤ እሷም አየችኝ። እስክሪብቶ አንስቼ ጻፍኩላት። ከቁጥሩ ሥር ደግሞ ደረጀ ያነበባትን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጨመርኩ። እሷ እንግሊዝኛ እንደማታነብ አውቃለሁ። ፈሪ ስለሆንኩ እውነቱን በማይገባት ቋንቋ ጻፍኩላት፤ እሷም አጥፋ ብብቷ ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ ተሻግሬ የንስሐ አባቷን አገኘኋቸው። ነገሩን ሲሰሙ በዝግታ ተቀመጡ።

«እኔ ቁጥር አላውቅም ልጄ» አሉኝ። «የፈቀድኩላት ያንተን ማኅተም አምኜ ነው።»

«እኔ ደግሞ ያተምኩት እሷን አምኜ ነው አባቴ።»

ከዚያ ጠርተው ከለከሏት።

ከሁለት ቀን በኋላ መስኮቴ ላይ መጣች። ትጮኻለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ያቺ መኪና የምታስቆም ሴት ግን የሰማኋት በጭንቅ ነው። «ልጄን አስቀረህብኝ» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። በዚያው ወር ምግብ ቤቱን ዘግታ፣ ስልኩን አስነቅላ፣ ጸበል እገባለሁ ብላ ወደ እህቷ አገር ሄደች። እኔም ልሸኛት አልደፈርኩም። ከዚያ ወዲህ በተዘጋው በር በኩል የማልፈው መንገድ ተሻግሬ ነው።

አሁን ልጇ ፊቴ ቆሟል። እየጠበቀኝ እያለ ራሱ ተረከልኝ። ሦስት ዓመት ያህል መንገድ ላይ ታስሮ ነበር፤ ስልክ የሚባል ነገር አላየም። የተፈታው በፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት ነው። በዚያው ቀን የማያውቀውን ሰው ስልክ ለምኖ ምግብ ቤቱ ደወለ።

«ደጋግሜ ደወልኩ» አለ። «አይሠራም። ቀን ሠራተኛ እየሆንኩ፣ በእግርም በመኪናም ስመጣ፣ እዚህ ስደርስ ጸበል ሄዳለች አሉኝ። እዚያ ስደርስ በመስከረም ተቀብራለች። እግሯ ላይ ያለው ቁስል ነው የጣላት። ደግሞ እዚያም እስከ መጨረሻው ስትጾም ነበር፤ አክስቴ ለምን እንደሆነ አታውቅም። ካህኗን እዚህ ባገኝ ብዬ ነበር፤ ወደ ሌላ ደብር ተዛውረዋል። የቀረኸኝ አንተ ነህ።»

በፍልሰታ ነው የተፈታው። በፍልሰታ እሷ ያለ ማንም ፈቃድ ስትጾም ነበር። እኔ ሳይንስ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ እነዚህን ሁለት ነገሮች በአንድ መስመር አልጽፋቸውም። ግን ስልኩስ? እኔ ተሻግሬ ለአባ ባልነግራቸው ኖሮ፣ እትዬ አስካለ ያን ቀን ማማሰያዋን ጥላ ወደዚያ ስልክ ትሮጥ አልነበረም? ወይስ ሁዳዴውን ሳትጨርስ ትሞት ነበር? ከወዲያ ብይዘው ከወዲህ ያመልጠኛል። አሁንም እንደዚያው ነው።

«ንገረኝ እንጂ» አለኝ ደረጀ። «ኪኒኑን ሳትውጪ ነይ ብላችሁ አልነገራችኋትም?»

ሐሊማ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። ነግረናታል ማለት እችል ነበር፤ እውነት ነው። ነግረናት ለምን ዋጠች ይለኛል። ለመጾም እለዋለሁ። ለምን ትጾም ነበር ይለኛል። ከዚያ ያቺን የመጨረሻዋን መልስ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ትከሻውን አየሁት፣ የሚሸከም አልመሰለኝም።

«አልነገርናትም» አልኩት። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመታኝም ደስ ይለኝ ነበር። ወረቀቶቹን ሰብስቦ እንደ እናቱ ለአራት አጠፋቸው።

«እግዜር ይይልህ» አለኝና ወጣ።

ሐሊማ ገብታ ከፊቴ ቆመች።

«ዳክታሪ፣ በሦስት ቋንቋ ነው የነገርኳት።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

ሐሊማ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰችልኝ፤ እኔም የሚቀጥለውን ሕመምተኛ ጠራሁ። ጣቱን ዘረጋልኝ። ኪኒን ውጠህ እንደሆነ ሳልጠይቀው መርፌውን አነሳሁ።